የደስታ ከረሜላ ትዝታ፦ ከወንጂ እስከ አትላስ

«ከረሜላ» ከጣሊያንኛ ወደ አማርኛ የገባ ቃል ሲሆን፣ በአገራችን አነጋገር ትርጉሙ ሰፍቶ ጠንካራውንም ለስላሳውንም፣ በወረቀት የተጠቀለለውንም በእንጨት የተሰካውንም ጣፋጭ በአንድ ስም የሚጠራ ሆኗል። በቦሌ ክፍለ ከተማ፣ አትላስ ሆቴል ስሙን በሰጠው ሰፈር፣ ይህ ስም ዛሬ ሁለት የተለያዩ ገበያዎችን ያገናኛል፤ በአንድ በኩል ከውጭ የገቡ ጣፋጮች በየዓይነታቸው የተደረደሩባቸው ሱፐርማርኬቶች አሉ፤ በሌላ በኩል ደግሞ «ሱቅ በደረቴ» የሚባሉት፣ ማስቲካ፣ ከረሜላና ሶፍት የያዘ ሣጥን ከአንገታቸው አንጠልጥለው በካፌዎቹ ደጃፍ የሚዞሩ ወጣቶች አሉ። በዕድሜ የገፋ የአዲስ አበባ ሰው ከሁለተኛው ገበያ አንዲት ጠጣር ከረሜላ ገዝቶ አፉ ውስጥ ሲያደርግ የሚሰማው ነገር ከጣፋጭነት ያለፈ መሆኑን ለመረዳት፣ ከረሜላው ከየት እንደመጣና አእምሮ ጣዕምን እንዴት እንደሚያስቀምጥ አብሮ መመልከት ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ ከረሜላ የብዙኃኑ ልጆች ጣፋጭ ለመሆን የበቃው ስኳር በአገር ውስጥ መመረት ከጀመረ በኋላ ነው። ከዚያ ቀደም የልጅ ጣፋጭ ማር፣ ሸንኮራ አገዳና በማር የተለወሰ በሶ ነበር። በኢንዶኔዥያ የሸንኮራ እርሻ የረጅም ጊዜ ልምድ የነበረው ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1943 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋውሎ፣ ከአዲስ አበባ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ሸለቆ በሚገኘው የወንጂ ሜዳ ላይ እርሻውን አለማ፤ ፋብሪካውም በ1946 ዓ.ም. በቀን 1,400 ኩንታል ስኳር የማምረት አቅም ይዞ ሥራ ጀመረ። ወንጂ ከስኳሩ ጎን ለጎን «ደስታ ከረሜላ» የተባለውን የልጆች ጣፋጭ ያመርት ነበር። ሸዋ የተባለው ሁለተኛው ፋብሪካ በ1955 ዓ.ም. ከተጨመረ በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም. ሁለቱም ወደ መንግሥት ይዞታ ዞሩ፤ በተከተሉት ዓመታትም ስኳር በቀበሌ ሱቅ በራሽን የሚታደል ነገር ሆነ። ስኳር ለቤተሰብ በኪሎ ተመጥኖ በሚሰጥበት ዘመን ያደገ ልጅ፣ አንዲት ከረሜላ ስትደርሰው ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደደረሰው ማሰብ አያዳግትም።

ጠጣር ከረሜላ የሚሠራው ስኳርና ግሉኮስ ከውኃ ጋር እስከ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ፈልቶ፣ ውኃው ተንኖ ጥቂት እጅ ብቻ ሲቀር ነው። ይህ ፍል ቶሎ ሲቀዘቅዝ ቅንጣቶቹ እንደ ተራው ስኳር በሥርዓት ለመደርደር ጊዜ አያገኙም፤ እንደተዘበራረቁ ይጠነክራሉ፤ የሳይንስ ሰዎች ይህን «መስታወታማ ሁኔታ» ይሉታል። ከረሜላው እንደ መስታወት የሚያብረቀርቀው፣ ሲነከስ የሚሰነጠቀውና በምራቅ ቀስ እያለ የሚሟሟው በዚህ ምክንያት ነው። የአዲስ አበባ ልጆች ይህን ጠባይ ከማንም ሳይማሩ ያውቁት ነበር፤ አንዷን ከረሜላ ለጓደኛ ማካፈል ሲፈለግ፣ የሸሚዝ ጫፍ ደርበውባት በጥርስ ሰንጥቀው ይካፈሏት ነበር። ለልጅነት ትዝታ ከጣፋጩ ይልቅ ይህ የማካፈል ሥርዓት ሳይበልጥ አይቀርም።

ምላስ ለብቻው የሚለየው ጥቂት መሠረታዊ ጣዕሞችን ብቻ ሲሆን፣ ሎሚውን ከብርቱካኑ የሚለየው አፍንጫ ነው፤ ከረሜላ በሚመጠጥበት ጊዜ መዓዛው በጉሮሮ ጀርባ በኩል ወደ አፍንጫ ይወጣል። አፍንጫውን ይዞ ከረሜላ የሚመጥ ሰው ጣፋጭነቱ ይሰማዋል እንጂ የምን ፍሬ ጣዕም እንዳለው ለማወቅ ይቸገራል። የማሽተት መልእክት ደግሞ ከሌሎቹ የስሜት ሕዋሳት የሚለይበት ነገር አለ፤ የማየትና የመስማት መልእክቶች «ታላመስ» በተባለው የአንጎል ክፍል በኩል ሲያልፉ፣ የማሽተት መልእክት በእርሱ ሳያልፍ ስሜትን ወደሚያስተናግደው «አሚግዳላ» በቀጥታ ይደርሳል፤ ትዝታን ከሚያደራጀው «ሂፖካምፐስ» ጋርም የቅርብ ግንኙነት አለው። ዊላንደርና ላርሰን የተባሉ የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ አረጋውያን በቃልና በሥዕል ሲጠየቁ በአብዛኛው የጉርምስናና የወጣትነት ዘመናቸውን ሲያስታውሱ፣ በመዓዛ ሲጠየቁ ግን ከአሥር ዓመት በታች የነበሩበትን ዘመን ማስታወሳቸውን አሳይተዋል። ፈረንሳዊው ደራሲ ማርሴል ፕሩስት እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ልብ ወለድ በሻይ የራሰች ቁራሽ ኬክ የልጅነት መንደርን እንዴት እንደመለሰች ከጻፈ ወዲህ፣ ክስተቱ በእርሱ ስም ይጠራል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ተገቢ ነው። የከረሜላና የማስቲካ የሙዝ መዓዛ በአብዛኛው የሚገኘው «አይሶአሚል አሲቴት» ከተባለ አንድ ውሁድ ሲሆን፣ የእውነተኛው ሙዝ ሽታ ግን የብዙ ውሁዶች ድምር ነው። ስለዚህ ልጁ አድጎ ሙዝ ሺህ ጊዜ ቢበላም ያ የከረሜላ መዓዛ ከሌላ ነገር ጋር ሳይደባለቅ ከልጅነቱ ጋር ብቻ ተጣብቆ ይቆያል፤ የአሮጌ ከረሜላ ትዝታ ሳይደበዝዝ የሚመጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስላል።

በአዲስ አበባ ከረሜላ የልጅ ብቻም አልነበረም። በልደትና በሌላ የደስታ ቀን ከፈንዲሻ ጋር ተቀላቅሎ ይቀርባል፤ በየሱቁም ሳንቲም ሲጠፋ የመልስ ምትክ ሆኖ ይሰጣል። ዳቦ እንዲገዛ የተላከ ልጅ በመልሱ ፋንታ ከረሜላ ይዞ ሲመለስ፣ ግማሹን መንገድ ላይ መጨረሱ በየቤቱ የሚታወቅና ብዙም የማያስቆጣ ጥፋት ነበር።

አሮጌዎቹ የወንጂና የሸዋ ፋብሪካዎች በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ሥራ አቁመው በአዲስ ፋብሪካ ተተክተዋል። ወንጂ ለአንድ ሙሉ ትውልድ አንድ የጋራ ጣዕም ሰጥቶ ነበር፤ በየትኛውም የአገሪቱ ዳርቻ ያደጉ ሁለት ሰዎች ባይተዋወቁም ስለ ደስታ ከረሜላ ሲነሳ ይግባባሉ። ዛሬ በአትላስ የሚያድግ ልጅ ግን ከቱርክም ከዱባይም በመጣ ጣፋጭ መካከል ይመርጣል፤ ምርጫውም ከጎረቤቱ ልጅ ምርጫ ጋር ላይገጥም ይችላል። ምርጫው መብዛቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን የስኳሩ ታሪክ በኩንታልና በሄክታር ሲመዘገብ፣ የከረሜላው መጠቅለያ፣ አሠራሩና በማሽኑ ፊት ቆመው ያመርቱት የነበሩት ሠራተኞች ትዝታ በዚያው ጥንቃቄ ሊሰበሰብ ይገባል፤ ሥራውን የሚያውቁት ሰዎች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው።