ከባድ ሙቀት ትላልቅ ማቀዝቀዣዎችን ሲፈትን፦ ለጤናዎ ምን ማለት ነው?

ማቀዝቀዣ ቅዝቃዜ አይፈጥርም፤ ከውስጥ ያለውን ሙቀት ወስዶ ወደ ውጭ ያስወጣል። የቤትዎ ፍሪጅ ጀርባው ወይም ጎኑ የሚሞቀው ለዚህ ነው። የሥጋ፣ የዓሣ፣ የወተትና የክትባት መጋዘኖችን የሚያቀዘቅዙት ትላልቅ ማሽኖችም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ችግር የሚመጣው ውጭው ራሱ ሲግል ነው።

ሙቀቱ ማሽኑን ምን ያደርገዋል?

በማሽኑ ውስጥ የሚዘዋወረው ጋዝ ሙቀቱን ለውጭው አየር የሚያስረክበው ከአየሩ የበለጠ ሲሞቅ ብቻ ነው። በሰመራ ወይም በዱባይ በሞቃቶቹ ወራት እንደሚሆነው አየሩ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲያልፍ ኮምፕረሰሩ ጋዙን ይበልጥ ማመቅ አለበት። ግፊቱ ይጨምራል፣ የሚፈጀው ኤሌክትሪክ ይበዛል፣ የማቀዝቀዝ አቅሙ ግን ይቀንሳል። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ መቆጣጠሪያው ማሽኑን ያጠፋዋል። ይህን የሚያደርገው አደጋ እንዳይደርስ ነው፤ መጋዘኑ ግን ከዚያ ሰዓት ጀምሮ መሞቅ ይጀምራል። በአቧራ የተሸፈነ ኮንደንሰርና ቶሎ ቶሎ የሚከፈት በር ደግሞ ነገሩን ያባብሱታል።

በውሃ ትነት የሚታገዙ ማሽኖች ደረቅ ሙቀትን በተሻለ ይቋቋማሉ። አየሩ እርጥበት በሚበዛበት የባሕር ዳርቻ ግን ውሃው በደንብ ስለማይተን ጥቅማቸው ያንሳል።

ለሚበሉት ምግብ

ተህዋስያን በፍጥነት የሚራቡት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። ቅዝቃዜው ሲቋረጥ ምግቡ ወደዚህ ክልል ይገባል፤ ማሽኑ ተመልሶ ሲነሳም እንደገና ይቀዘቅዛል። ገዢው ምንም ላያውቅ ይችላል።

«በደንብ ካበሰልኩት ምን ይሆናል?» ይሉ ይሆናል። ማብሰል አብዛኛውን ተህዋስ ይገድላል፤ የተፈጠረውን መርዝ ሁሉ ግን አያጠፋም። እንደ ቱና ያሉ ዓሦች ሳይቀዘቅዙ ሲቆዩ ሂስታሚን የተባለ ንጥረ ነገር ይጠራቀምባቸዋል፤ እሳትም አያጠፋውም። ከበሉ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ፊት ይቀላል፣ ራስ ያማል፣ ቆዳ ያሳክካል። ብዙዎች የዓሣ አለርጂ ይመስላቸዋል። መተንፈስ ካስቸገረዎት ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና ይሂዱ።

የታሸገ በረዶ ሥጋ ወይም ዓሣ ሲገዙ ማሸጊያው ውስጥ ትላልቅ የበረዶ ቅንጣቶች ካሉ፣ ደሙ ከታች ተጠራቅሞ ከረጋ ወይም ቁርጥራጮቹ አንድ ላይ ተጣብቀው ቅርጻቸው ከተበላሸ ቀልጦ እንደገና የቀዘቀዘ ሊሆን ስለሚችል አይግዙት። ሽታ ብቻውን አያስተማምንም። ከገዙ በኋላም አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ ውጭ አያቆዩት።

ክትባትና መድኃኒት

አብዛኞቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ሙቀት መቀመጥ አለባቸው። ለሞቃት አካባቢ የሚሠሩ የክትባት ማቀዝቀዣዎች የውጭው ሙቀት 43 ዲግሪ ቢደርስም እንዲሠሩ ታስበው የሚፈተኑ ናቸው። በብዙ ብልቃጦች ላይ ክብ ውስጥ ያለ ትንሽ አራት ማዕዘን ምልክት አለ፤ ሙቀት ሲነካው ይጠቁራል። አራት ማዕዘኑ ከዙሪያው ክብ ጋር እኩል ወይም ከዚያ በላይ ከጠቆረ ክትባቱ አይሰጥም። ጤና ባለሙያዋን «ምልክቱን ያሳዩኝ» ማለት ነውር የለውም።

በመጋዘን ወይም በቄራ የሚሠሩ ከሆነ

ብዙ ትላልቅ ማቀዝቀዣዎች የሚሠሩት በአሞኒያ ነው። በከባድ ሙቀት ግፊቱ ሲጨምር ያረጁ ማያያዣዎችና ቫልቮች ሊያፈተልኩ ይችላሉ። አሞኒያ ቀለም የለውም፤ የሚያውቁት ዓይንና አፍንጫ በሚያቃጥል ሽታው ነው። በዓይን፣ በጉሮሮና በሳንባ ካለው እርጥበት ጋር ሲገናኝ ሥጋ ያቃጥላል።

ሽታው ከመጣ ሥራውን ትተው ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ይውጡ። የወደቀ ባልደረባ ለማውጣት ያለ መከላከያ መሣሪያ ተመልሰው አይግቡ፤ እርስዎም እዚያው ሊወድቁ ይችላሉ። የነካውን ልብስ አውልቁና ዓይንንና ቆዳን ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ንጹሕ ውሃ እጠቡ። ጋዙን በብዛት የተነፈሰ ሰው ለጊዜው ደኅና ቢመስልም ሳንባው ከሰዓታት በኋላ ውሃ ሊቋጥር ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ሊያየው ይገባል።