መረጃው የት ነው ያለው? ስለ ኮንቴይነርና ስለ ቮልዩም የተሰጠ ገለጻ



አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪዬ ከዕለታት አንድ ቀን ፊቱ ገርጥቶ ቢሮዬ መጣ። የጥናቱን መረጃ የያዘውን የፖስትግሬስ ኮንቴይነር አስወግዶ አዲስ ሲያስነሣ፣ የመረጃ ቋቱ ባዶ ሆኖ ጠበቀው። «ዶክተር፣ የስድስት ወር ድካሜ ጠፋ» አለኝ። መረጃው ግን አልጠፋም ነበር፤ የጠፋው አድራሻው ነው። የዛሬው ገለጻዬ በዚህ ልዩነት ላይ ያተኩራል።

ኮንቴይነር በባሕርዩ አላፊ ነው። በራሱ ንብርብር ላይ የተጻፈው ሁሉ ኮንቴይነሩ ሲቆም ይቆያል፤ ሲወገድ ግን አብሮት ይወገዳል። የቮልዩም ዕድሜ ግን ከኮንቴይነሩ ዕድሜ ጋር የተቆራኘ አይደለም።

ታዲያ ቮልዩም የት ይገኛል? ዶከር በሊኑክስ ላይ በተለመደው መንገድ ሲጫን፣ ቮልዩሞቹን «/ቫር/ሊብ/ዶከር/ቮልዩምስ» በተባለው ፎልደር ሥር ያስቀምጣል። «ዶከር ቮልዩም ኤልኤስ» የሚለው ትእዛዝ ስማቸውን ይዘረዝራል፤ «ዶከር ቮልዩም ኢንስፔክት» ደግሞ የአንዱን ቮልዩም ትክክለኛ ሥፍራ ያሳያል። በዊንዶውስና በማክ ዶከር ዴስክቶፕን የምትጠቀሙ ግን ይህን ፎልደር በኮምፒውተራችሁ ላይ በቀጥታ አታገኙትም፤ ዶከር የሚሠራው በሊኑክስ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ነውና።

ተማሪዬ ለቮልዩሙ ስም አላወጣለትም ነበር። የፖስትግሬስ ኢሜጅ ራሱ ቮልዩም እንዲፈጠር ስለሚያዝ፣ ዶከር በፊደልና በአኃዝ የተቀላቀለ ባለ 64 ምልክት ስም ሰጠው። ለአዲሱ ኮንቴይነር ደግሞ ሌላ ባዶ ቮልዩም ፈጠረለት። አሮጌውን ከዝርዝሩ ውስጥ ፈልገን ከኮንቴይነሩ ጋር ስናያይዘው መረጃው እንዳለ ተገኘ። ተማሪው በድንጋጤ «ዶከር ቮልዩም ፕሩን» ብሎ ቢሆን ኖሮ ግን ሁሉም ነገር ባከተመ ነበር። ከዕትም 23.0 ወዲህ ይህ ትእዛዝ ተጨማሪ ምርጫ ካልታከለበት የሚያጠፋው፣ ማንም የማይጠቀምባቸውን ስም የለሽ ቮልዩሞች ነው፤ የእርሱም ከእነዚያ አንዱ ነበር።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ቮልዩም የሥራውን ዓይነት የሚገልጽ ስም ስጡ። ሁለተኛ፣ «ዶከር ኮምፖዝ ዳውን» ስም ያላቸውን ቮልዩሞች እንደማይነካ፣ «ቪ» የሚለው ምርጫ ሲታከልበት ግን እነርሱንም እንደሚደመስስ አትዘንጉ። ሦስተኛ፣ ቮልዩም ከኮንቴይነር መወገድ ያድናል እንጂ ከዲስክ ብልሽት አያድንም። የመረጃ ቋቱን አቁማችሁ፣ ቮልዩሙን ለንባብ ብቻ ከጊዜያዊ ኮንቴይነር ጋር አያይዙት፤ ይዘቱን በ«ታር» ጠቅልላችሁም ቅጂውን በሌላ ማሽን ላይ አኑሩ። ቅጂውንም አልፎ አልፎ መልሳችሁ በመጫን ፈትሹት።

ከማስወገዳችሁ በፊት «መረጃው የት ነው ያለው?» ብላችሁ ጠይቁ።