መምህሩ ለምን ይዝላሉ?

ሰኞ ጠዋት በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ካሉ የሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ወደ አንዱ ብንገባ ባዶ መቀመጫዎች እናያለን። ከገጠር መጥተው፣ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ስንቅ ሊያመጡ ሄደው ገና አልተመለሱም፤ በአጨዳ ወራትማ ይብሳል። መምህሩ ያንኑ ትምህርት ማክሰኞ ይደግሙታል።

እንዲህ ያለው ድካም በዓመታት ሲደራረብ የሥራ ዝለት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1981 ክርስቲና ማስላክና ሱዛን ጃክሰን ያሳተሙት መለኪያ ሦስት ገጽታዎችን ይመረምራል፦ የስሜት መሟጠጥ፣ ለተማሪው ደንታ ማጣት፣ «ልፋቴ ፍሬ የለውም» የሚል ስሜት። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ዝለትን በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎታል። «ስንፍና ነው» ማለት (እኛም ተማሪ ሳለን ብለናል) ስህተት ነው።

በአገራችን ሦስተኛው የሚከፋ ይመስለናል። በ1990ዎቹ ማብቂያ የፕላዝማ ትምህርት ሲገባ ለመምህሩ የቀሩት የመግቢያና የማጠቃለያ ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ደግሞ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ናቸው፤ መምህሩ የዓመታት ልፋታቸውን የሚያዩት በዚህ ቁጥር ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ከተቀሰቀሰ በኋላም በምዕራብ ጎጃም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ማክሰኞ የሚደግሙት ትምህርት እንኳ ያጡ መምህራን ብዙ ነበሩ።