የማስነሻ ማብሪያና ተሽከርካሪ ቤት፦ ከጨፋ ሸለቆ የተወሰደ የምሕንድስና ትምህርት
(ለሕዝብ ክፍት ከነበረ ንግግር በጽሑፍ የተገለበጠ)



የዛሬው ርእሴ በእጅ መዳፍ ውስጥ የምትገባ ዕቃ ናት። ከመሪው ሥር ተሸሽጋ የምትኖረው፣ ሾፌሮቻችን ብዙውን ጊዜ «ኳድሮ» የሚሏት የሞተር ማስነሻ ማብሪያ ናት። ስትበላሽ ምን እንደምታስከትል፣ ብልሽቷ እንዴት እንደሚታወቅና እንዴት እንደምትለወጥ እናገራለሁ። ይህንንም በተሽከርካሪ ቤት ምሳሌነት አደርገዋለሁ።

ተሽከርካሪ ቤት ስል ለሽርሽር የሚነዳውን፣ መኝታና ማእድ ቤት ያለውን መኪና ብቻ ማለቴ አይደለም። በበጋ ወራት የአፋር፣ የኦሮሞ፣ የአርጎባና የአማራ ከብት አርቢዎች ሣርና ውኃ ፍለጋ ወደ ጨፋ ሸለቆ፣ ወደ ቦርከና ወንዝ ረግረግ ይወርዳሉ። ሕዝቡ ተንቀሳቃሽ ከሆነ አገልግሎቱም ተንቀሳቃሽ መሆን አለበት። ወደ ክሊኒክነት የተለወጠ ቫን ውስጡ አልጋ፣ መብራት፣ የክትባት ማቀዝቀዣና ሁለተኛ ባትሪ ሲይዝ፣ በመሐንዲስ ዓይን ሲታይ ያው ተሽከርካሪ ቤት ነው። የአብዛኛው ክትባት መቆያ ሙቀት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ስለዚህ የኤሌክትሪኩ ጉዳይ የምቾት ጉዳይ አይደለም።

የማብሪያው ሥራ

በመኪና ታሪክ መጀመሪያ ሞተር የሚነሣው በእጅ በሚዞር ብረት ነበር። በቻርልስ ኬተሪንግ ሥራ የኤሌክትሪክ ማስነሻ በ1912 እ.ኤ.አ. በካዲላክ መኪና ላይ ገባ። ቁልፍን በማዞር ብቻ ሞተር ማስነሣት ደግሞ በ1949 እ.ኤ.አ. ከክራይስለር መኪኖች ጋር ተዋወቀ። ከዚያ ወዲህ አንዲት ቁልፍ ብዙ ሥራ ተሸከመች።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን እንለይ። አንደኛው ቁልፉ የሚገባበት ሲሊንደር ነው፤ ይህ የሜካኒክ ክፍል ሲሆን ሌባን ይከለክላል፣ መሪውንም ይቆልፋል። ሁለተኛው ከሲሊንደሩ ጀርባ የተገጠመው የኤሌክትሪክ ማብሪያ ነው። በብዙ መኪኖች ሁለቱ የተለያዩ ዕቃዎች ስለሆኑ አንዱን ለብቻው መለወጥ ይቻላል። ይህን ባለመለየት ደኅነኛው ሲሊንደር ከነቁልፉ ተነቅሎ ሲጣልና ባለመኪናው ያለ አግባብ ሲከፍል አያለሁ።

ማብሪያው አራት ቦታዎች አሉት፤ መቆለፊያ፣ ለሬዲዮና ለመሳሰሉት ኃይል መስጫ፣ የጉዞ ቦታ እና ማስነሻ። በውስጡ ግን መስመሩ አንድ ብቻ አይደለም። ለምሳሌ በብዙ የቶዮታ መኪኖች ከባትሪ የሚገቡ ሁለት መስመሮች አሉ፤ በጉዞ ቦታ ላይ የሚወጡትም እንዲሁ የተለያዩ ናቸው። ስለሆነም አንዱ መስመር ሞቶ ሌላው ሊሠራ ይችላል። ሞተሩ እየሠራ፣ የሁለተኛውን ባትሪ መሙያ ሪሌ የሚያዝዘው መስመር ግን የተቋረጠ ሊሆን ይችላል። ሾፌሩ ሲነዳ ይውላል፤ የቤቱ ባትሪ ግን አይሞላም፤ ሌሊት ማቀዝቀዣው ይጠፋል።

«መኪናዬ ናፍጣ ስለሆነ ማብሪያው አያሳስበኝም» የሚሉ ሾፌሮች አሉ። እርግጥ ነው፣ የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። ነገር ግን በብዙ የናፍጣ ፓምፖች ላይ ነዳጅ የሚከፍትና የሚዘጋ ሶሌኖይድ አለ፤ ኃይሉንም የሚያገኘው ከዚሁ ማብሪያ ነው። ማብሪያው ለቅጽበት ቢያቋርጥ ሶሌኖይዱ ይዘጋል፤ ሞተሩም ይጠፋል።

ይህ ከኮምቦልቻ በሐርቡ በኩል ወደ ከሚሴ በሚወርደው መንገድ ላይ ቢደርስ አስቡት። የመሪው እገዛ ይጠፋል፤ መሪው ይከብዳል። የፍሬኑም እገዛ ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ያልቃል። ለሾፌሮች የምመክረው ይህን ነው፦ ማርሽ ከገባ አታውጡት፤ ጎማው ሞተሩን እያዞረ ይይዝላችኋል። ፍሬኑን ደጋግማችሁ አትምቱ፤ አንዴ አጥብቃችሁ ያዙ። ከሁሉም በላይ መኪናው ሳይቆም ቁልፉን ወደ መቆለፊያ አትመልሱ፤ አትንቀሉትም።

ለምን ይበላሻል?

በማብሪያው ውስጥ የመዳብ መገናኛዎች ይነካካሉ። አቧራ፣ እርጥበትና በእያንዳንዱ ማስነሣት የሚፈጠረው ብልጭታ ገጻቸውን ያጠቁራል። የጠቆረ ገጽ ፍሰትን ይቋቋማል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 20 አምፔር የሚያልፍበት መገናኛ 0.05 ኦም ብቻ ቢቋቋም፣ 1 ቮልት በመንገድ ይቀራል፤ 20 ዋት ሙቀትም በዚያች ትንሽ ቦታ ይፈጠራል። ሙቀቱ ፕላስቲኩን ያቀልጣል፣ መገናኛውን የበለጠ ያጠቁራል፤ ተቋቋሚነቱ ይጨምራል። በሽታው ራሱን ይመግባል ማለት ነው። ተሽከርካሪ ቤት ሲሆን ደግሞ አራጋቢ፣ መብራትና ተጨማሪ ዕቃ በዚሁ ማብሪያ ላይ ስለሚጫን ፈጥኖ ይደክማል።

ከመለወጥ በፊት መለካት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጨፋ ሜዳ ላይ የቆመ አንድ ቫን እንድመለከት ተጠርቼ ነበር። ባትሪው ሁለት ጊዜ ተለውጧል፤ ሞተሪኖው ተፈትቶ ተሠርቷል፤ መኪናው ግን አንዳንዴ ይነሣል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል። ያገኘሁት ብልሽት ከማብሪያው ውስጥ ነበር። ለሁለት ባትሪዎች የወጣው ገንዘብ በአንድ ቴስተርና በሩብ ሰዓት ሊድን ይችል ነበር።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ባትሪውን ለኩ፤ የተሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሲያርፍ ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል። ቀጥሎ የባትሪውን ጫፎች፣ ከቦዲ ጋር የሚያገናኘውን ገመድና ፊውዞችን ተመልከቱ። ከዚያ አንዱን የቴስተር ጫፍ በማብሪያው መግቢያ፣ ሌላውን በመውጫው ላይ አድርጋችሁ፣ ዕቃዎቹ በርተው ሳለ ለኩ። ጤነኛ ማብሪያ ከ0.1 ወይም ከ0.2 ቮልት በላይ አይበላም። ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ከበላ ጥፋተኛው ተገኝቷል። በመጨረሻም ቁልፉን ሳታዞሩ ቀስ ብላችሁ ወዘወዙት፤ የዳሽቦርዱ መብራት ከተንቀጠቀጠ ምስክር ነው።

አለዋወጡ

መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ፤ የእጅ ፍሬን ያዙ፤ ጎማ ሥር ድንጋይ አድርጉ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ጫፍ ፍቱ። በተሽከርካሪ ቤት ግን ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ሁለተኛው ባትሪና ጣራ ላይ ያለው የፀሐይ ሰሌዳ በጓሮ በር ኃይል ሊልኩ ስለሚችሉ እነርሱንም ለዩ። ኤርባግ ካለው የአምራቹ መመሪያ የሚያዝዘውን ያህል ጠብቁ፤ በቶዮታ ቢያንስ 90 ሰኮንድ ነው።

ከዚያ የመሪውን ዘንግ ሽፋን በካቻቪቴ ፍቱ፤ የገመዶቹን አቀማመጥ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፤ ሶኬቱን ገመዱን ሳይሆን አካሉን ይዛችሁ ንቀሉ። ሶኬቱ ቀልጦ ወይም ጠቁሮ ከሆነ እርሱም አብሮ ይለወጥ፤ አለዚያ አዲሱን ማብሪያ በአጭር ጊዜ ያቃጥለዋል። ማብሪያውን የያዙትን ብሎኖች ፍታችሁ አውጡ። አዲሱን ስትገጥሙ የሲሊንደሩ ምላስና የማብሪያው ቀዳዳ በአንድ ቦታ ላይ መገጣጠማቸውን አረጋግጡ፤ በግድ የገባ ማብሪያ ሁሉንም ቦታዎች ያዛባል። ኃይሉን ከመለሳችሁ በኋላ አራቱን ቦታዎች በተራ ፈትኑ። በተለይ ከማስነሻው ቦታ ቁልፉ በራሱ ስፕሪንግ ወደ ጉዞ ቦታ መመለሱን እዩ፤ ካልተመለሰ ሞተሪኖው ሳይላቀቅ ቀርቶ ይቃጠላል። መጨረሻ ላይ ሞተሩ እየሠራ ሁለተኛው ባትሪ መሙላቱን ለኩ።

አንዳንድ ቦታ ማብሪያውን ከመለወጥ ይልቅ ገመዶቹን አጣምሮ በደወል መጫኛ ማስነሣት እንደ ብልኃት ይቆጠራል። ለአንድ ቀን ያደርስ ይሆናል። ነገር ግን ፊውዝ የሌለው ገመድ ከመሪ ሥር፣ በሽተኛ በተኛበት መኪና ውስጥ፣ የእሳት ግብዣ ነው።

ስለ መለዋወጫው

ከሶማሌ ተራም ሆነ ከደሴ ዕቃ ስትገዙ «ያው ነው» የሚለው ቃል አይብቃችሁ። ጄኔራል ሞተርስ በ2014 እ.ኤ.አ. ወደ 2.6 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖችን የጠራው በዚህችው ማብሪያ ምክንያት ነበር። ቁልፉን በጉዞ ቦታ ላይ የሚይዘው ስፕሪንግ ደካማ ስለነበር፣ ከባድ የቁልፍ ማያያዣ ወይም የመንገድ ንዝረት ቁልፉን ወደ ኋላ ያንሸራትተው ነበር፤ ሞተሩ ይጠፋል፣ ኤርባጉም አይከፈትም። ኩባንያው ባቋቋመው የካሣ ፈንድ 124 ሰዎች በዚህ ሳቢያ መሞታቸው ተቀባይነት አገኘ፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ 900 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ለእኛ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፦ ማብሪያው በመካከል ሲሻሻል የዕቃው መለያ ቁጥር አልተለወጠም ነበር። ስለዚህ አሮጌውና አዲሱ በስም አንድ፣ በሥራ ግን የተለያዩ ሆኑ፤ የጥፋቱ መነሻም ለዓመታት ተሸሸገ። ቁጥሩን አመሳክሩ፤ ከዚያም በእጃችሁ እያዞራችሁ የእያንዳንዱን ቦታ አያያዝ ከአሮጌው ጋር አወዳድሩ።

የቁልፍ ማያያዣችሁንም አቅልሉ። የቤት፣ የሱቅና የመጋዘን ቁልፍ ሁሉ ከመኪናው ቁልፍ ጋር ተንጠልጥሎ መዋል የለበትም።

በመጨረሻ፣ ወጪው ትንሽ ጥቅሙ ግን ትልቅ የሆነ አንድ ማሻሻያ ልጠቁም። ተጨማሪው ጭነት በማብሪያው ውስጥ እንዳያልፍ በሪሌ ይለይ። ሪሌውን ለማዘዝ ከአንድ አምፔር ሩብ ያነሰ ፍሰት ይበቃል፤ ከባዱ ፍሰት ከባትሪ በፊውዝ በኩል በቀጥታ ይሄዳል። በገጠር ለሚሠራ ማናቸውም ተንቀሳቃሽ ክሊኒክ፣ ለጉዞ ከመነሣቱ በፊት የማብሪያው የቮልት ኪሳራ ይለካ፤ ውጤቱም ከዘይትና ከጎማው መዝገብ ጎን ይጻፍ። ቁጥሩ ከወር ወር ሲጨምር ከታየ፣ ማብሪያው ኮምቦልቻ ላይ ሳለ ይለወጣል፤ ጨፋ ረግረግ ዳር እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ወረፋ በሚጠብቁበት ሰዓት አይደለም።

 ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይ ከጋራዥ የመጣችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ መድረኩ የእናንተ ነው።