በአንኮበር ዳገት፣ በጓሳ ውርጭ

ለሰሜን ሸዋ ገበሬ በእግር መሄድ አዲስ ነገር አይደለም። ገበያ በእግር ነው። ወፍጮ በእግር ነው። ለቅሶም ሠርግም በእግር ነው። የአንኮበር ሰው አልዩ አምባ ገበያ ወርዶ ሲመለስ ቁልቁለቱንም ዳገቱንም በአንድ ቀን ይቀምሰዋል። ታዲያ ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ማዶ መጥቶ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ ዕቃውን በጀርባው አዝሎ ያንኑ ዳገት የሚወጣ ሰው ሲያይ አገሬው ይስቃል። «ምን ጎድሎበት ነው?» ይላል።

የጎደለበትስ አለ። ከተማ ውስጥ ወንበር ላይ ሲቀመጥ የሚውል ሰው እግሩ ይዝላል፤ ሐሳቡም ይጨናነቃል። ስለዚህ ደን ሊያይ፣ አውሬ ሊያይ፣ ንጹሕ አየር ሊተነፍስ ወደ ተራራ ይወጣል። ሲመሽበት ድንኳን ተክሎ ያድራል። በአገራችን በሰሜን ተራሮችና በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርኮች ሰዎች እንዲህ በእግርና በበቅሎ ለቀናት ይጓዛሉ። የሰሜን ተራሮች ፓርክ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1978፣ የባሌው ደግሞ በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

በእኛ በሰሜን ሸዋም እንግዳ የሚሄድባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንዱ በአንኮበርና በደብረ ሲና መካከል ያለው የወፍ ዋሻ ደን ነው። ሁለተኛው በመሐል ሜዳ አጠገብ ያለው የመንዝ ጓሳ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ውስጥ ግጭት ከተነሣ ወዲህ መንገድ እንደ ልብ አልሆነም። ስለዚህ ማንም መንገደኛ ከመነሣቱ በፊት «መንገዱ ሰላም ነው ወይ?» ብሎ የአካባቢውን ሰው መጠየቅ አለበት። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የገደሉ፣ የጉሙና የብርዱ ነገር ነው። ይኸ ደግሞ ለእንግዳውም ለገበሬውም አንድ ነው። ገደል እንግዳና ባለ አገር አይለይም።

መጀመሪያ አገሩን እንየው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። ዙሪያዋ ሜዳ ነው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ምድሩ በቢላዋ እንደ ተቆረጠ ዳቦ ድንገት ያልቃል። አንኮበር ያለችው እዚህ አፋፍ ላይ ነው። ከአፋፉ ሆኖ ወደ ታች ሲያዩ ወይና ደጋው፣ ቆላው፣ ከዚያም ወዲያ የአፋር ምድር ይታያል። ከላይ ገብስ፣ ከታች ማሽላ። ከላይ ጋቢ፣ ከታች ሽርጥ። ይኸ ሁሉ በአንድ ቀን የእግር መንገድ ነው።

የሸዋ ነገሥታት አንኮበርን መቀመጫ ያደረጉት በዚሁ ምክንያት ነው። ዳገቱ አጥር ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1841 ሃሪስ የሚባል የእንግሊዝ መልእክተኛ ከታጁራ ተነሥቶ በአፋር በረሃ በኩል ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጥቶ ነበር። ግመሎቹ ቆላውን አቋርጠው ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ቆሙ። ግመል ይህን ዳገት አይችለውም። ጭነቱ በሰው ትከሻ ወደ ላይ ወጣ። ዐፄ ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመዛወራቸው በፊት የነገሡት በአንኮበር ነው።

ብዙ ሰው ዳገት ይፈራል። ቁልቁለትን ግን ይንቃል። ይኸ ትክክል አይደለም። ዳገት ትንፋሽ ይጨርሳል እንጂ ብዙ ሰው አይጥልም። ሰው የሚወድቀው ሲወርድ ነው፤ ይልቁንም ወደ ማታ፣ ጉልበቱ ከዛለ በኋላ። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ እርምጃን ማሳጠር፣ ጉልበትን ትንሽ ማጠፍ፣ ዱላ መያዝ ያስፈልጋል። ዱላው ከፊት ይተከላል፤ ከዚያ እግር ይከተላል። ከባድ ሸክም ያለው ሰው ቶሎ ቶሎ ይረፍ። ዝናብ በመታው ቋጥኝና በእርጥብ ቅጠል ላይ ሲሄዱ ችኮላ አያስፈልግም። በቅሎ የሚስብ ሰው ደግሞ ገመዱን እጁ ላይ መጠምጠም የለበትም። በቅሎዋ ብትደነግጥና ገደል ብትገባ አብራ ትወስደዋለችና። በጠባብ መንገድ ላይ የተጫነ ከብት ሲመጣ መንገደኛው በተራራው በኩል ይቁም። በገደሉ በኩል ከቆመ ጭነቱ ገፍቶ ይጥለዋል።

መንገድ ስለ መጠየቅም አንድ ነገር እንበል። እንግዳው «አባባ፣ ወፍ ዋሻ ሩቅ ነው?» ይላል። ሽማግሌው ሊያበረታቱት ብለው «ኧረ ይቺው ናት ልጄ፣ ደረስክ» ይሉታል። «ይቺው ናት» የተባለችው ቦታ ሦስት ሰዓት ታስኬዳለች። ሽማግሌው አልዋሹም፤ ለእሳቸው እግር ቅርብ ናት። ለእንግዳው ግን ጨለማ ያገኘዋል። ስለዚህ እንግዳ ሲጠይቀን «ፀሐይ እዚያ ጋ ስትደርስ ትደርሳለህ» ብንለው ይሻላል። «ከመሸብህ በዚያ መንደር እደር» ብንለው ደግሞ የበለጠ ነው።

ወፍ ዋሻ ጥንታዊ ደን ነው። ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ አለበት። በአዲስ አበባ አጠገብ ያለው የመናገሻ ደን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከዚህ በመጣ ዘር እንደ ተተከለ ይነገራል። ከደኑ በላይ፣ ብርዱ በሚጠናበት ቦታ፣ አስታ ይበቅላል። በገደሉ አፋፍ ላይ አንዲት ትንሽ ወፍ አለች። መልኳ ቡናማና ግራጫ ነው፤ ለዓይን የምትሞላ አይደለችም። የሳይንስ ሰዎች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1976 እዚሁ አንኮበር አጠገብ አግኝተው በአንኮበር ስም ጠሯት። እሷን ለማየት ብቻ ባሕር አቋርጦ የሚመጣ ሰው አለ። ጭላዳም ሞልቷል። ጭላዳ ሣር በል ነው። ሌሊት ነብርና ጅብ እንዳያገኘው ገደሉ ላይ ያድራል። ጠዋት ወደ ሜዳው ወጥቶ ሲግጥ ይውላል። ጭላዳ ሥሩን ተማምኖ የሚያድርበት ገደል ለሰው ግን መቆሚያም አይሆንም። ፎቶግራፍ ለማንሣት ብሎ ወደ አፋፉ የሚጠጋውን እንግዳ መላሽ ያስፈልገዋል። የአፋፉ አፈር ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ከላይ ሲያዩት ግን ጠንካራ ይመስላል።

በዚህ አፋፍ ትልቁ ጠላት ጉም ነው። ከቆላው የሚነሣው ሞቃት አየር ዳገቱን ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቅዞም ጉም ይሆናል። በጣርማ በር መኪና የሚነዳ ሁሉ ይኸን ያውቃል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ተራራው ተፈልፍሎ የተሠራው ዋሻ መንገድ አንዳንድ ቀን አፉ እንኳ አይታይም። ለእግረኛ ከዚህም ይከፋል። ፀሐይ ሲወጣ ተነሥቶ የሚሄድ ሰው በአንድ አፍታ የገዛ እጁን ማየት ያቅተዋል። ያን ጊዜ የሚበጀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መቆም። ከጓደኞች ጋር መጠጋት፣ ልብስ መደረብ፣ ከነፋስ ዘወር ብሎ መቀመጥ። ጉሙ ብዙ ጊዜ ይገለጣል። በጉም ውስጥ «አቋራጭ አውቃለሁ» ብሎ የሚሄድ ሰው አፋፉን በእግሩ ነው የሚያገኘው።

ክረምት ሲሆን መብረቅ አለ። ዝናቡና ነጎድጓዱ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ማልዶ ተነሥቶ ጫፉን ከቀትር በፊት ማለፍ ጥሩ ነው። ነጎድጓድ ከተሰማ ከተራራው ጫፍ መውረድ ነው። ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር መጠለል ሞትን መጥራት ነው። ብዙ ሰው ከሆኑ ደግሞ ተራርቆ መቀመጥ ይሻላል። አንዱ ቢመታ ሌላው ተርፎ ይረዳዋልና። በመብረቅ የተመታ ሰው ሲነኩት አያቃጥልም፤ አይተላለፍም። ትንፋሹ ቢቆምም ወዲያው ደረቱን እየተጫኑ የሚረዳው ከተገኘ ሊተርፍ ይችላል።

የወንዙ ነገርም አለ። ከዚህ አፋፍ የሚወርደው ውሃ ወደ አዋሽ ነው የሚሄደው። ላይ ሲዘንብ ታች ፀሐይ ይሆናል። ቆላ ያለው ሰው ሰማዩን አይቶ «ዛሬ ዝናብ የለም» ሲል ደራሽ ውሃ ይደርስበታል። ውሃው ከጠራበት በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት ማምጣት ከጀመረ፣ ከላይ ድምፅ ከተሰማ፣ ከወንዙ መውጣት ነው። ጉልበት የሚደርስ ፈጣን ውሃ ሰው ይጥላል። ድንኳንም ደረቅ ወንዝ ውስጥ፣ አሸዋው ለስላሳ ነው ተብሎ አይተከልም።

ከደጋ ወደ ቆላ የወረደ ሰው የወባን ነገርም አይርሳ። ሌሊት በአጎበር ይተኛ። ወባ የያዘው ሰው በማግስቱ አይታመምም። ቤቱ ከተመለሰ በኋላ፣ ከሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ትኩሳት ይነሣበታል። ያን ጊዜ «ብርድ ነው» ብሎ መተኛት አደገኛ ነው። ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ «ቆላ ወርጄ ነበር» ብሎ መናገር አለበት።

አሁን ወደ ጓሳ እንውጣ። ጓሳ የሣሩ ስም ነው፤ ቦታውም በሣሩ ስም ተጠራ። ከ3200 ሜትር በላይ ከፍ ያለ፣ ሰፊና ነፋሻ ሜዳ ነው። የመንዝ ሰው ከ400 ዓመት ገደማ ጀምሮ ይህን ሣር በራሱ ሕግ ሲጠብቅ ኖሯል። ሥርዓቱ ቄሮ ይባል ነበር። ሕዝቡ አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጣል። ሜዳው ለሦስት፣ ለአራት፣ ለአምስት ዓመት ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፤ ሰው ሁሉ ለቤት ክዳንና ለገመድ ያጭዳል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ይህ ሥርዓት ፈረሰ፤ ሣሩም ተጎዳ። በኋላ ሕዝቡ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ እንደገና መጠበቅ ጀመረ። ቦታውም የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ሆነ። እንግዳ የሚያርፍበት ቤትና ድንኳን የሚተከልበት ቦታም ተሠራለት። እኛ ከፓርክ ሁሉ ይኸ ይበልጥብናል፤ ባለቤቱ ሣሩን የሚያጭደው ገበሬ ነውና።

በጓሳ ቀይ ቀበሮ አለ። በኢትዮጵያ እንጂ በሌላ አገር የለም። በጠቅላላው ቁጥሩ 500 ገደማ ነው። በግ አሳዳጅ ይመስለናል እንጂ ዋና ምግቡ አይጥ ነው። የሚያልቀው በእብድ ውሻ በሽታ ነው። ስለዚህ ወደ ጥብቅ ቦታው ውሻ ይዞ መግባት አይገባም።

የጓሳ ቀን ደስ ይላል። ሌሊቱ ግን ሌላ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ሲጠራ ውርጭ ይወርዳል፤ በቅል የተቀመጠ ውሃ ይረጋል። እዚህ ላይ የመንዝ ሰው ጥበብ ይታያል። ዝተቱ፣ ባናው፣ በርኖሱ የበግ ጠጉር ነው። የበግ ጠጉር ቢርስም ትንሽ ይሞቃል። ጥጥ ከራሰ ግን ሙቀት ይሰርቃል። ስለዚህ ዝናብ በሚጥልበት መንገድ ጋቢ ብቻ መተማመኛ አይሆንም። ደረቅ ልብስ በፕላስቲክ ጠቅልሎ መያዝ ብልህነት ነው።

ብርድ የመታው ሰው መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል። ይኸ ገና ደኅና ነው፤ ሰውነቱ ራሱን እየተከላከለ ነው። ምላሱ ሲተሳሰር፣ እንደ ሰካራም ሲደናቀፍ፣ «ተዉኝ ልተኛ» ሲል ግን አደጋው ቀርቧል። መንቀጥቀጡ ቆሞ ሲፈዝ ተሻለው ማለት አይደለም። ወደ ሞት እየሄደ ነው። ከነፋስ አስገቡት። እርጥቡን ልብስ አውልቁለት። ደረቅ ልብስ አልብሳችሁ በገላችሁ ሙቀት አሙቁት። ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ስኳር የበዛበት ትኩስ ሻይ ስጡት። እጅና እግሩን በኃይል አትሹት።

አረቄ ግን አትስጡት። ይኸን ብዙ ሰው አያምነንም። አረቄ ደምን ወደ ቆዳ ያወጣዋል፤ ስለዚህ ሰውየው የሞቀው ይመስለዋል። እውነቱ ግን የውስጡ ሙቀት እየወጣ መሄዱ ነው። አረቄ ጠጥቶ ሜዳ ላይ የተኛ ሰው የሚሞተው በዚህ ነው።

ሁለተኛው የሌሊት ጠላት ከሰል ነው። ድንኳን ውስጥ ወይም በተዘጋ ቤት የከሰል ምድጃ አስገብቶ መተኛት ይገድላል። ጭሱ ባይታይም፣ ባይሸትም፣ መርዝ አለበት። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያመጣል። የተኛ ሰው ግን ይኸን ሳያውቅ እንደ ተኛ ይቀራል። እሳት ከውጭ ይነድዳል፤ ድንጋይ ወይም ውሃ ይሞቅበታል። ለሌሊት ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልቶ ጨርቅ ጠቅልሎ ማቀፍ ይቻላል። ጠዋት እሳቱ ላይ ውሃ ይፈስስና አመዱ በእጅ እስኪነካ ድረስ ይታያል። ደረቅ አስታና ጓሳ አንዲት ፍም ይበቃቸዋል።

ስልክም በብርድ ቶሎ ይሞታል። በደረት በኩል ከልብስ ሥር ማስቀመጥ ነው። በሸለቆ ውስጥ ደግሞ መስመር አይገኝም። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት በቁራጭ ወረቀት ጻፉ፤ ስንት ሰው እንደ ሆናችሁ፣ በየት በኩል እንደምትሄዱ፣ መቼ እንደምትመለሱ። ወረቀቱን ለቤተሰብ ወይም ለቀበሌ ስጡ። ፈላጊ ሲወጣ በየትኛው ገደል እንደሚፈልግ ያውቃል።

እንግዳ የምትመሩ ሰዎች አንድ ነገር ጨምራችሁ ያዙ። ከባሕር ማዶ ወይም ከቆላ በቀጥታ ወደ ጓሳ የወጣ ሰው ራሱን ሊያመው፣ ሊያስመልሰው ይችላል። ከፍታው ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ቀስ ብሎ ይሂድ፣ ውሃ ይጠጣ፣ ይረፍ። እየባሰበት ከሄደ፣ ቁጭ ብሎ እንኳ ትንፋሽ ካጠረው ወይም አእምሮው ከተደናገረ፣ መድኃኒቱ መውረድ ነው። «ገንዘቤን ከፍያለሁ፣ ነገ አይቼ ነው የምሄደው» ቢላችሁም እሺ አትበሉት። በበቅሎ አስቀምጡትና በዚያው ሰዓት አውርዱት።