ኮንቴይነር፦ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ፕሮግራሞች

በየወደቡ የሚታየው የብረት ሳጥን ስሙን ለኮምፒውተር ዓለም አውሷል። የሰርቨር ባለሙያዎች «ኮንቴይነር» ሲሉ፣ አንድ ፕሮግራም ለሥራው ከሚያስፈልጉት ፋይሎች ጋር ተጠቅልሎ ከሌሎች ተለይቶ የሚሠራበትን ዘዴ ማለታቸው ነው።

ከዚህ ቀደም በሰፊው የተለመደው ቨርቹዋል ማሽን ነበር። በዚህ አሠራር እያንዳንዱ ማሽን የራሱ ሙሉ ሥርዓተ ክወና ይጫንለታል፤ ለእያንዳንዱ ተከራይ የተለየ ቤት ከነመሠረቱ እንደ መገንባት ነው። ለመነሣት ጊዜ ይወስዳል፤ ብዙ ሜሞሪም ይፈጃል። ኮንቴይነሮች ግን በአንድ ግቢ እንዳሉ የኪራይ ክፍሎች ናቸው። ከርነል የተባለውን የሥርዓተ ክወናውን እምብርት ሁሉም በጋራ ይጠቀማሉ። በዚህም ምክንያት አንድ ኮንቴይነር ብዙውን ጊዜ በሰከንዶች ውስጥ ሥራ ይጀምራል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2014 በየሳምንቱ ከ2 ቢሊዮን በላይ ኮንቴይነሮችን እንደሚያስነሣ ማስታወቁ የዘዴውን ቅልጥፍና ያሳያል።

በክፍሎቹ መካከል ግድግዳ የሚያቆመው ራሱ ከርነሉ ነው። በሊኑክስ «ኔምስፔስ» የተባለው ባሕርይ ፕሮግራሙ የሚያየውን ይወስናል፤ የጎረቤቱን ፋይልም ሆነ ሥራ ስለማያይ ኮምፒውተሩ የእርሱ ብቻ ይመስለዋል። «ሲግሩፕስ» የተባለው ደግሞ እንደ ቆጣሪ ነው፤ ማንም ከተመደበለት የፕሮሰሰርና የሜሞሪ ድርሻ አልፎ የሌላውን እንዳይሻማ ያግዳል። ይህን የጉግል መሐንዲሶች የጀመሩት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ ሊኑክስ ከርነል ገብቷል። ሐሳቡ ግን የቆየ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው የዩኒክስ ሰባተኛ እትም «ሲኤችሩት» የተባለው ትእዛዝ አንድ ፕሮግራም የሚያየውን የፋይል ክልል ያጠብብ ነበር። ዘዴውን ለብዙኃኑ ፕሮግራመር ያደረሰው እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነው ዶከር ነው።

የሽያጭ ማስታወቂያዎች እምብዛም የማያነሡት ጉዳይ አለ። ከርነሉ የጋራ እንደመሆኑ፣ ግድግዳው በአንድ ቦታ ቢሰነጠቅ አደጋው ለግቢው ሁሉ ይተርፋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ኮንቴይነሮችን በሚያስነሣው «ራንሲ» በተባለ መሣሪያ ላይ የተገኘው ክፍተት፣ በኮንቴይነር ውስጥ ያለ ተንኮለኛ ፕሮግራም ወጥቶ የሰርቨሩን ሙሉ ሥልጣን እንዲይዝ የሚያስችል ነበር። ክፍተቱ በማሻሻያ ተደፍኗል። ሆኖም ፕሮግራሞችን በኮንቴይነር ውስጥ «ሩት» በተባለው የበላይ ሥልጣን አለማስኬድና ከርነሉን በየጊዜው ማደስ እስከ ዛሬ የባለሙያዎች ጥብቅ ምክር ነው።

የማይተዋወቁ ደንበኞችን ፕሮግራም በአንድ ማሽን የሚያስተናግዱ ድርጅቶች ከዚህም አልፈው ይሄዳሉ። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው «ፋየርክራከር» ለእያንዳንዱ ደንበኛ ሥራ የራሱ ከርነል ያለው ቀላል ቨርቹዋል ማሽን ይሰጣል፤ ለመነሣትም ከሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል።