ፈረሰኛው ሄዷል፣ ብስክሌተኛው መጥቷል፤ መኪና በማይገባበት የላ ማንቻ ፒስታ

ላ ማንቻ ሲባል አብዛኞቻችን ቶሎ የሚታወሰን በከሲታ ፈረስ ተቀምጦ የነፋስ ወፍጮ በጦር የሚወጋው ዶን ኪሆቴ ነው። ከማድሪድ በስተደቡብ የተዘረጋው ይህ ሰፊ ሜዳ ግን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሌላ ዓይነት ፈረሰኞችን እያስተናገደ ይገኛል። እነዚህኞቹ በብስክሌት የሚጓዙ ሲሆን አስፋልቱን ትተው በወይን ማሳዎች መካከል የሚያልፈውን የጠጠር መንገድ ይመርጣሉ። እኛ ከጣሊያንኛ ወስደን ፒስታ የምንለውን መንገድ ስፔኖችም ፒስታ ነው የሚሉት። ቀኑን ሙሉ ፔዳል ሲመቱ ውለው የሚያጋጥማቸው ተሽከርካሪ ቢኖር አንድ ሁለት ትራክተር ነው።

ለዚህ ጉዞ የሚውለው ብስክሌት “ግራቭል” ይባላል። በእሽቅድምድም ብስክሌትና በተራራ ብስክሌት መካከል ያለ ነው ማለት ይቻላል። መሪው እንደ እሽቅድምድሙ ወደ ታች የተቆለመመ ነው። ጎማው ግን ሰፋ ብሎ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ አየሩም ላላ ተደርጎ ስለሚሞላ ኮረኮንቹ እጅና ወገብን እምብዛም አይጎዳም። ከዚህ ያለፈ የተለየ ምሥጢር የለውም። ጥሩ ጎማ የተገጠመለት ተራ ብስክሌትም ላ ማንቻን ያቋርጣል።

ይልቅስ ሊጠየቅ የሚገባው፣ እያንዳንዱ ስንዝር መሬት ባለቤት ባለው አገር ይህን ያህል ባዶ መንገድ ከየት መጣ የሚለው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያዎቹ ባለውለታዎች በጎች ናቸው። በ1273 ንጉሥ አልፎንሶ 10ኛ መስታ ለሚባለው የእረኞች ማኅበር ልዩ መብት ሰጡ። መንጋው በክረምት ቆላ ወዳለበት ደቡብ፣ በበጋ ደግሞ ወደ ሰሜን ተራሮች እየተመላለሰ እንዲሰማራ፣ ገበሬም መተላለፊያውን እንዳያርስበት የሚያደርግ መብት ነበር። ትልልቆቹ የከብት መንገዶች ስፋታቸው 75 ሜትር ነው፤ ከብዙዎቹ የዘመናችን አውራ ጎዳናዎች ይሰፋሉ ማለት ነው። የሱፍ ንግዱ ከተዳከመና በጎቹም በባቡርና በጭነት መኪና መጓዝ ከጀመሩ በኋላ መንገዶቹ በየቦታው እየተቆረሱ ታርሰዋል፣ ቤትም ተሠርቶባቸዋል። በ1995 የወጣው ሕግ ይህን ለማስቆም የታሰበ ሲሆን 125 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚገመተውን የከብት መንገድ ሊሸጥ ሊለወጥ የማይችል የሕዝብ ንብረት አድርጎታል። በእግር፣ በፈረስና በብስክሌት መሄድን ይፈቅዳል። ከእርሻ ተሽከርካሪ በስተቀር ሞተር ያለው ነገር ግን በልዩ ፈቃድ ካልሆነ አይገባበትም። ብስክሌተኛው ትራክተር ብቻ የሚያጋጥመው ለዚህ ነው። ከ1994 ጀምሮ ደግሞ እረኞች በመከር ወራት መንጋቸውን በማድሪድ መሀል እየነዱ በማለፍ መብታቸው እንዳልተረሳ ያሳያሉ። ዋና ከተማ ለበግ ቆሞ መንገድ ሲለቅ ማየት ለእኛ ብርቅ ባይሆንም ለእነሱ ትልቅ ትርዒት ነው።

ሁለተኛው ባለውለታ የሞተው የባቡር ሐዲድ ነው። በ1985 የስፔን መንግሥት ኪሣራ ያመጣሉ ያላቸውን በርካታ መስመሮች በአንድ ጊዜ ዘጋ። በ1993 ደግሞ የተዘጉትን መስመሮች ሐዲዳቸውን አንስቶ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ የማድረግ ሥራ “ቪያስ ቬርዴስ”፣ ማለትም አረንጓዴ መንገዶች፣ በሚል ስም ተጀመረ። ዛሬ ርዝመታቸው ከ3 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ባቡር ዳገት ስለማይወድ መንገዱ ለጀማሪም ለልጅም ይመቻል። ከላ ማንቻ በስተምሥራቅ፣ ከአልባሴቴ ከተማ ተነስቶ ወደ አልካራስ ተራሮች የሚዘልቀው ደግሞ ከሁሉም የሚገርመው ነው። ዋሻው ተፈልፍሎ፣ ድልድዩ ተሠርቶ፣ ጣቢያው ቆሞ ሳለ ሥራው በ1960ዎቹ በመቋረጡ አንድም ባቡር ሳያልፍበት ቀርቷል። በዋሻዎቹ ውስጥ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝመው መስመር ላይ ዛሬ የሚያልፈው ብስክሌት ነው።

በመሀል ያለውን ቀዳዳ የሚሞሉት የገበሬው የማሳ መንገዶች ናቸው። የዶን ኪሆቴ መጽሐፍ የመጀመሪያ ክፍል የታተመበት 400ኛ ዓመት በ2005 ሲከበር፣ የክልሉ መንግሥት ከእነዚህ የተለያዩ መንገዶች ወደ 2,500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ አንድ የጉዞ መስመር አዘጋጅቶ ነበር።

ጊዜው አጭር ለሆነ ሰው ግን ሁለት ቀን ይበቃል። በባቡር አልካሳር ዴ ሳን ሁዋን ወርዶ በቶሜዮሶና በአርጋማሲያ ዴ አልባ በኩል ወደ ሩይዴራ ሐይቆች መሄድ ነው። እንደሚመርጡት ጥርጊያ ከ80 ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል።

አልካሳር አጠገብ ጥልቀት የሌላቸው ጨዋማ ሐይቆች አሉ፤ ፍላሚንጎ ይታይባቸዋል። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ላ ቬጊያ ውኃ የሚያገኘው ከከተማው የፍሳሽ ማጣሪያ ነው። ነገሩ መጀመሪያ ሲሰሙት ያስቃል። ወደ ፊት በተጓዙ ቁጥር ግን ሳቁ ይቀንሳል።

ከዚያ በኋላ ወይን ብቻ ነው። ስፔን በወይን ተክል ስፋት ከዓለም ቀዳሚ ስትሆን ወደ ግማሽ የሚጠጋው የሚገኘው ላ ማንቻ ባለበት ክልል ነው። በሜዳው ላይ በካብ፣ ያለ ጭቃና ያለ ስሚንቶ፣ የተሠሩ ክብ የድንጋይ ጎጆዎች ይታያሉ። “ቦምቦ” ይባላሉ። ወይን ቆራጩ ከነበቅሎው ያድርባቸው ነበር፤ ዛሬ በቀትር ጥላ ፍለጋ ብስክሌተኛ ይጠጋባቸዋል። ቶሜዮሶ ሲደርሱ ደግሞ በእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ የብረት ፍርግርጎችን ልብ ይበሉ። ከተማው ከሥሩ ባዶ ነው። ቤተሰቦች ከመኖሪያቸው በታች በእጅ እየቆፈሩ የወይን ጠጅ ማኖሪያ ዋሻ ሠርተዋል፤ ቁጥራቸውም በሺዎች ነው። ፍርግርጎቹ የዋሻዎቹ መተንፈሻ ናቸው። አፈሩን በቅርጫት እየተሸከሙ ያወጡት ሴቶች ነበሩ።

አሁን ወደ ማሳዎቹ ተመልሰን በደንብ እንያቸው፤ ምክንያቱም ብስክሌተኛ ከመኪና ተጓዥ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ ማሳ ያለ ድጋፍ የቆመ፣ እንደ ቁጥቋጦ ያጠረና ተራርቆ የተተከለ ወይን ነው። ይህ የቆየው አተካከል ሲሆን፣ ድርቅ የሚችለው አይሬን የተባለው ነጭ ወይን በአብዛኛው በዝናብ ብቻ እየኖረ መጥቷል። አጠገቡ ያለው ማሳ ግን በሽቦ ላይ ተወጥሮ በረድፍ የቆመ ነው፤ ከሥሩም ጥቁር የፕላስቲክ ቧንቧ ተዘርግቷል። ያ ቧንቧ የጠብታ መስኖ ነው፤ ውኃውም በዚያ አካባቢ ከሌላ ከየትም አይመጣም፣ ከከርሰ ምድር ነው።

በስፔን የወይን ተክልን በመስኖ ማጠጣት እስከ 1996 ድረስ በሕግ የተከለከለ ነበር። ክልከላው ሲነሳ ምርቱ ጨመረ፣ መኪና ወይን የሚቆርጥበት የሽቦ አተካከልም ተስፋፋ። በገበሬው መፍረድ ይከብዳል። ዝናቡ በዓመት 400 ሚሊ ሜትር የማይሞላበት፣ ወጣቱም ወደ ማድሪድ የሚፈልስበት አገር ነው። ችግሩ ግን ውኃው ከዚያ በፊትም በበቆሎና በሌሎች ሰብሎች መስኖ ተሟጦ ስለነበር ነው። የጓዲያና ወንዝ ዓይን የሚባሉት ምንጮች በ1980ዎቹ ደረቁ። ከምንጮቹ በታች ያለው የዳይሚዬል ረግረግ ከ1973 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን፣ በ1980 ዩኔስኮ አካባቢውን በጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። ይሁንና በ2009 ረግረጉ ከመድረቁ የተነሳ ከመሬት በታች ያለው የበሰበሰ ዕፅ ክምችት በእሳት ተያይዞ ለወራት ጨሰ። ያዳነው በ2010 መጀመሪያ የጣለው ከባድ ዝናብ ነው። በ2008 መንግሥት የላይኛውን ጓዲያና ውኃ ለማስመለስ ያጸደቀው ሰፊ ዕቅድ በኢኮኖሚው ቀውስ ገንዘብ አጥቶ በአብዛኛው ወረቀት ላይ ቀርቷል፤ ፈቃድ የሌላቸው ጉድጓዶች ጉዳይም እስከ ዛሬ ያጨቃጭቃል። በእኔ እምነት ዝናብ ዕቅድን ተክቶ መሥራት የለበትም፤ እስካሁን የታየው ግን ይኸው ነው።

ከአርጋማሲያ በኋላ መሬቱ ከፍ ማለት ይጀምራል። የፔኛሮያ ግድብና ከላዩ ያለው አሮጌ ግንብ ካለፉ በኋላ ሩይዴራ ይመጣል። 15 ያህል ሐይቆች ከላይ ወደ ታች እንደ እርከን ተደርድረው አንዱ በሌላው ላይ ይፈስሳል፤ በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ100 ሜትር በላይ ነው። ግድባቸውን የሠራው ውኃው ራሱ ነው። ከበሃ ድንጋይ ውስጥ የሚመጣው ውኃ ኖራ ስለሚሸከም፣ ኖራው በዕፅዋት ላይ እየተጋገረ በሺዎች ዓመታት ድንጋይ ሆኗል። ግድቡ የሚያድገው ውኃ ሲያልፍበት ነው፤ ውኃ ሲጠፋ ይሰነጠቃል። ሰርቫንቴስ በሁለተኛው የዶን ኪሆቴ ክፍል እነዚህ ሐይቆች በጠንቋዩ መርሊን የተለወጡ ሩይዴራ የምትባል ሴት፣ ልጆቿና የእህቷ ልጆች ናቸው ብሏል፤ ጓዲያናንም አብሮ ወደ ወንዝ የተለወጠ አሽከር አድርጎታል። ክረምቱ ዝናባማ በሆነ ዓመት ፏፏቴዎቹ ከሩቅ ይሰማሉ። ደረቅ ዓመታት ሲደራረቡ ግን አንዳንዶቹ ሐይቆች ባዶ ይሆናሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መደበቅ አይገባም። ሐይቆቹን ተከትሎ የሚሄደው መንገድ አስፋልት ሲሆን በሐምሌና በነሐሴ ለመዋኘት በሚመጣ መኪና ይጨናነቃል። ከመኪና የጸዳ ጉዞ የሚፈልግ በሥራ ቀን፣ በሚያዝያና በግንቦት ወይም ወይን በሚቆረጥበት በመስከረምና በጥቅምት ቢሄድ ይሻለዋል። በበጋ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይደርሳል፤ በመንደሮች መካከል ውኃ ስለማይገኝ ሁለት ሦስት ሊትር መያዝ ግድ ነው። ዝናብ በጣለ ማግስት ደግሞ ቀዩ ጭቃ ጎማውን ከፍሬኑ ጋር ያጣብቀዋል፤ ያን ጊዜ ብስክሌቱን መሸከም ይመጣል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ቆቅ አዳኞች በማሳው ስለሚሰማሩ፣ በተለይ እሑድ፣ ደማቅ ልብስ መልበስ ይገባል። የጓዲያናን ወንዝ ተከትሎ እስከ ፖርቱጋል ጠረፍ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቀው መንገድም የሚጀምረው ከእነዚሁ ሐይቆች ነው።